ለዳማ ቃል ፍለጋ

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣ ለልብስ ሰፊዋ፤

ከመቁረጫ ጠረጴዛዎ ጫፍ የቆምኩ ያህል ሆኜ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። መርፌዎ አይሰበር፣ ክርዎ አይወሳሰብ፣ ዐይንዎ ከብርሃን አይለይ። እኔ በጤና አለሁ። በጤና አለሁ ስል ግን እርስዎ እንደሚያውቁኝ ሆኜ ነው፤ በሩን መቆለፌን ለማረጋገጥ ከመንገድ መመለሴን እስካሁን አልተውኩም።

የጠየቁኝን ትልቁን መቀስ ገዝቼ ይህንኑ ደብዳቤ በሚያደርሰው ሰው እጅ ልኬያለሁ። ሻጩ ወፍራም ጨርቅ ተደራርቦም ይቆርጣል ብሎኛል፤ እርስዎ ካልሞከሩት ግን አላምነውም። ስልክ ልግዛልዎት ያልኩትንም እንደገና ያስቡበት።

ሥራ መቀየሬን ልንገርዎ። የሲሚንቶውን ሥራ ትቻለሁ። አሁን የምሠራው ለመንገድ ውሾችና ድመቶች በተከፈተ ሕክምና ቤት ነው። ከመሳቅዎ በፊት ይስሙኝ፣ እቴቴ። በከተማው ጥጋጥግ የሚያድሩትን በወጥመድ ሳጥን እየያዙ ያመጧቸዋል፤ ዳግመኛ እንዳይወልዱ በቀዶ ጥገና ያክሟቸዋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ይወጓቸዋል፤ ከዚያም ወደተያዙበት ጥግ መልሰው ይለቋቸዋል። ባለቤት ያላቸውም ይመጣሉ። ዋጋው ማንም የሚችለው ስለሆነ ከማለዳ ጀምሮ በሩ ላይ ሰልፍ አለ፤ ድመቱን በትራስ ልብስ የጠቀለለ አለ፣ ውሻውን በሕፃን ጋሪ እየገፋ የሚያመጣ አለ።

የእኔ ቦታ ማንቂያው ክፍል ነው። ከቀዶ ጥገና የወጡት ገና በማደንዘዣው እንደተኙ፣ በፎጣ ተጠቅልለው ይሰጡኛል። ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በጎናቸው አደርጋለሁ፤ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አገላብጣለሁ፤ ምላሳቸውን እመለከታለሁ። ምላሱ ሮዝ ከሆነ ደኅና ነው፤ ከገረጣ ሐኪሟን መጥራት ይገባኛል። የክፍሉ ኃላፊ ድምፅ ከፍ አድርጋ ስለማታውቅ በልቤ 'ሹክሹክታ' ብዬ ሰይሜያታለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሐኪሟን አብዝቼ ጠርቼ ኖሯል፤ ሹክሹክታ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ "ወንድሜ፣ የገረጣኸው አንተ ነህ እንጂ ውሻውስ ደኅና ነው" አለችኝ። ቋንቋቸውን በግማሽ ጆሮ የምሰማ ብሆንም ይህ ሙሉ ለሙሉ ገብቶኛል።

ቀይ ውሻ በፎጣ ተጠቅልሎ በመጣ ቁጥር ዳማን አስባለሁ። ከቦዩ አውጥቼ በሸሚዜ ይዣት ስገባ፣ "ሸሚዙን ወደ ሳሙና፣ ውሻዋን ወደ ቦይዋ" ብለውኝ ነበር። በማግስቱ ግን ከጠረጴዛዎ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ተነጥፎላት አገኘኋት። አሁንስ እንዴት ናት? ዘንድሮም ወለደች? ሰፈሩስ እንዴት ነው?

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 26 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለዐይኔ፤

እግርህን እንቅፋት አይንካው፤ የሰው አገር ሰው ፊት አይንሳህ። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለዳማ። ስሟ ጋ ስደርስ ጆሮዋን አቆመች፤ የቀረው አልጣማትም መሰለኝ ተኛች። መቀሱ እንደ ምላጭ ነው፤ ሻጩ አልዋሸህም።

ስልኩን ተወው። ስልክ ላይ ሁሉም ሰው ደኅና ነው። "እንዴት ነሽ?" "ደኅና ነኝ" ተባብሎ ይዘጋል። ሰው ሲጽፍ ግን ቃል ፍለጋ ቀና ሲል እውነቷ ታመልጠዋለች። አንተም የበሩን ቁልፍ ነገር በስልክ ባልነገርከኝ ነበር።

ዳማ ወለደች። ስንት ወለደች አትበለኝ፤ ግማሾቹን በሥጋ ቤቱ ፊት የሚያልፉት መኪኖች ቆጠሩልኝ። የአምና ልጆቿም ደርሰው ወልደዋል። ጠዋት ሱቄን ስከፍት በሩ ላይ ውሻ በውሻ ላይ ነው። ድመቶቹንማ አታንሣቸው፤ የጨርቅ ክምር በነካሁ ቁጥር ከውስጡ ዐይን ያየኛል። ባለፈው የሙሽራ ልብስ ሮዝ ገበር ላይ ወለዱብኝ። ሙሽራዋ ገድ ነው አለች፣ እናቷ ግን ሌላ ጨርቅ አስቆረጠችኝ።

አሁን ወደ ጭንቁ ልምጣ። የዳቦ ቤቱን ልጅ ውሻ ነከሳት። ዳማ አይደለችም፤ የዳማ ልጅ ናት፣ ቡችሎቿን ልትነካብኝ ነው ብላ። ልጅቷ መርፌውን እየተወጋች ነው፤ ትድናለች። ሰፈሩ ግን ታመመ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሰበሰበንና እንደ ድሮው ሥጋ በመርዝ ተለውሶ ይበተን ተባለ። አንተ ትንሽ ሳለህ ያደረጉትን አታስታውስም፤ እንዳታይ መጋረጃውን ጥዬብህ ነበር። መንገዱ ሬሳ ብቻ ሆነ። ዓመት ሳይሞላ የሌላ ሰፈር ውሾች መጥተው ቦታውን ያዙት፤ የሥጋ ቤቱ አጥንት እዚያው አለ፣ ማን ይተወዋል?

ይህንኑ ተነሥቼ ተናገርኩ። የሥጋ ቤቱ ባለቤት ሚስት፣ ያቺ 'ሚዛን' የምንላት፣ "አንቺ ምን አለብሽ፤ የሚነከስብሽ ልጅ የለሽ" አለችኝ። ሰው ሳቀ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ።

በጋው ሳያልቅ መርዙ ይበተናል። ዳማን አስሬ ላቆያት ብዬ ነበር፤ ገመዱን በጥርሷ በጥሳ ጫፉን አፏ ውስጥ ይዛ መጣች፣ ልትመልስልኝ ይመስል። እሷ ታስራ አትኖርም፤ ከተለቀቀች ደግሞ የመጀመሪያውን ሥጋ የምታገኘው እሷ ናት።

ስለዚህ ገንዘብ አትላክልኝ፤ ወሬ ላክልኝ። እዚያ የምትሠሩትን ለሰፈሩ ሰው በሚገባ ቃል ጻፍልኝ። ቆሜ አነብላቸዋለሁ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣ በእርስዎም በኩል ለሰፈሩ ሰዎች በሙሉ፤

ደጃፋችሁ የሰላም፣ ልጆቻችሁ የጤና ይሁኑላችሁ። በዚያ ሰፈር ያደግሁ ልጃችሁ ነኝና ስለ ውሾቹ ጉዳይ የማውቀውን በትሕትና አቀርባለሁ።

ውሻን በመርዝ መጨረስ ጠርዙ ያልተዘመዘመ ጨርቅን መቁረጥ ነው፤ ቢቆርጡት ቢቆርጡት መተርተሩን አይተውም። መፍትሔው ማምከን ነው። ሴት ውሻ ከመከነች ወንዶች ከየሰፈሩ ተሰብስበው በደጇ አይደባደቡባትም። መካን ውሻ ቡችላ የላትምና የምትሳሳለት የለም፤ ስለዚህ ለመናከስ አትቸኩልም። መካን ውሻ ሰፈሯን አትለቅም፤ 'ውሻ በበላበት ይጮኻል' እንደሚባለው የሌላ ሰፈር ውሻም አታስገባም። ወንዶቹም ሲኮላሹ መዞርና መደባደብ ይቀንሳሉ። ከዚህ ላይ የእብድ ውሻ መከላከያው ሲጨመር፣ በመካን ውሾች የተያዘ ሰፈር ልጅ የሚሮጥበት ሰፈር ይሆናል። ስለ ድመቶችም ነገሩ ያው ነው፤ ያልመከነች ድመት ዓመቱን ሙሉ ትወልዳለች ማለት ይቻላል።

ዋጋው አይቻልም የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። አክስቴ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሠሩ አንዱን ቆርጠው ሰፍተው ወደ ሁለተኛው አይሄዱም፤ ጨርቁን ደራርበው በአንድ መቀስ ይቆርጡታል እንጂ። ዩኒፎርም የሚረክሰው ስለዚህ ነው። እዚህም ምሥጢሩ ይኸው ነው። ሐኪም ለአንዲት ውሻ ሲመጣ መንገዱም፣ መሣሪያ መቀቀሉም፣ ቀኑም በአንዷ ላይ ይወድቃል፤ ብዙ ሆነው ሲጠብቁት ግን ዋጋው ለሁሉም ተካፍሎ ይቀላል። አንዱ ክፍል ቢሰጥ፣ አንዱ ቢይዝ፣ አንዱ ውኃ ቢያፈላ፣ የከብት ሐኪሙ መድኃኒቱንና እጁን ብቻ ይዞ ቢመጣ ይበቃል።

እቴቴ፣ ይህቺ መስመር ለብቻዎ ናት። ደብዳቤውን ቆመው፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ቃሉንም አይዝለሉብኝ። ሰው እንዲለምደው ሆን ብዬ ደጋግሜ ጽፌዋለሁ፤ ያልለመዱትን ቃል ሰዎች ይፈሩታል። የሚዛንን ንግግር ከቁም ነገር አይቁጠሩት።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 28 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ በጊዜው ደርሶኛል። ቆሜ አነበብኩት። ቃሉን አልዘለልኩም።

የከብት ሐኪሙን አነጋግሬዋለሁ። መጀመሪያ "እኔ የበሬ ሐኪም ነኝ፤ በሬ ይወጋል እንጂ አይነክስም" አለኝ። ትምህርት ቤት ግን ተምሮት ኖሯል፣ ከድሮ መምህሩም ጋር መክሮበታል። ብዙ ሆነው በአንድ ቀን ከቀረቡለት የመድኃኒቱን ዋጋ ብቻ እቀበላለሁ ብሏል፤ ንጹሕ ክፍልና የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ክፍሉም ጠረጴዛውም የእኔ ነው። ግድግዳውን ኖራ አስቀብቻለሁ፤ የሰፈሩ ዘበኛ ውሾቹን በመያዝ ይረዳናል።

መርዙ ግን ቀረ አልልህም። ሊቀመንበሩ "መጀመሪያ በአንዷ ይታይ" ብሏል። ያቺ አንዷ ዳማ ናት። በደኅና ከነቃች ሌሎቹ ይከተላሉ። ካልነቃች መርዙ ተገዝቶ ሊቀመንበሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

ስለ ማንቃቱ የምታውቀውን ጻፍልኝ። ሌላ የምጠይቅህ የለም። ወደፊት ግን ሰው ፊት የማነበውን ስትጽፍልኝ ቃል ምረጥ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አክስትህ


መጋቢት 17 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፤

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይራቅ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ዘግይቶ መጣ፤ አጭርም ነበር። 'ዐይኔ' የሚለው ቃል በላዩ ላይ አልነበረም። ወረቀቱ ጠቦዎት ይሆናል ብዬ ገልብጬ አየሁት፤ ጀርባው ባዶ ነው። ምን አጠፋሁ? የትኛው ቃል ነው? ቢነግሩኝ አርማለሁ።

ስለ ዳማ የጠየቁኝን እነሆ። ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ምግብ አትቅመስ፤ ሆዷ ባዶ ካልሆነ በማደንዘዣው ውስጥ አስመልሷት ልትታነቅ ትችላለች። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ልክ የሚያውቀው በክብደቷ ነውና አስቀድማ ትመዘን፤ በግምት አይሁን። ሲጨርስ በደረቅ ጨርቅ ይጠቅልሏት፤ ሙቅ ጠርሙስ በጎኗ ያድርጉ፤ ጠርሙሱ ግን በጨርቅ ይሸፈን፣ የተኛ ፍጥረት ሲቃጠል አይናገርም። ምላሷን ይዩ። እንዲታወቅላትም ሐኪሙ በማደንዘዣው ሳለች ከጆሮዋ ጫፍ ጥቂት ይቁረጥ፤ እርስዎ ጨርቅ ከጨርቅ የሚገጥምበትን ቦታ በመቀስ ጫፍ እንደሚያመለክቱት ማለት ነው። ያንን ምልክት ያየ ሰው ሁለተኛ አይዛትም።

ስትነቃ ላታውቅዎ ትችላለች፤ ጥርሷን ብታሳይ አይቀየሟት። ስሟን ቀስ ብለው ይጥሩላት።

ሌላም ልጽፍልዎ የነበረ ነገር አለ። አሁን ግን አልጽፈውም፤ እጅዎ እንዳይንቀጠቀጥ።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 22 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ይድረስህ፤ ደብዳቤውን የሚወስደው ሹፌር ሞተሩን አስነሥቶ ጥሩምባ እየነፋብኝ ስለሆነ ባጭሩ ነው።

ዳማን አሳረፍናት። በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ፣ እጄ ግንባሯ ላይ ሆኖ ነው። ሳትሰቃይ አለፈ። ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ አያት። ሚዛን እንኳ መጥታ አይታት ሄደች። እኔ ትንሽ አልቅሻለሁ፤ አሁን ግን ልቤ ቀለል ብሎታል። ከዚህ በኋላ ለዳማ አትጨነቅላት።

ሰኞ ደግሞ የቀሩትን እንጀምራለን። ተራ በተራ እናሳርፋቸዋለን።

ሰውዬው ሊሄድብኝ ነው።

አክስትህ


ግንቦት 15 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፤

ፈጣሪ ያጽናናዎት። የዳማን ማረፍ ሰምቻለሁ። እርስዎን የምወቅስበት አንደበት የለኝም፤ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝና። 'በአንዷ ይታይ' ተብሎ በእሷ ታየ። ከቦዩ ያወጣኋትን ከዚህ ሩቅ ቦታ ሆኜ በወረቀት ገደልኳት።

ያልጻፍኩልዎን ነገር አሁን ልጻፈው፤ የሚደበቅበት ምክንያት ካለፈ በኋላ መደበቅ ምን ይረባል? በጥር ወር አንዲት ነጭ ድመት በፎጣ ተጠቅልላ ተሰጠችኝ። ሐኪሟ ምንም አላጠፋችም፤ ድመቷ ከመያዟ በፊትም ልቧ የታመመ ነበር አሉ። ምላሷ ሲገረጣ ጠራሁ፤ ሮጠው መጡ፤ አልሆነም። ድመት ዘጠኝ ነፍስ አላት ሲባል እሰማ ነበር፤ ያቺ አንዲቷንም አጥብቃ አልያዘችም። ይህን ቀድሜ ብጽፍልዎ ኖሮ ዳማን ጠረጴዛው ላይ አያወጧትም ነበር። ብጽፍ መርዙ፣ ባልጽፍ ይህ። አልጻፍኩም።

የቀሩትን ተራ በተራ ማሳረፍዎን ሳነብ ግን ወረቀቱን አስቀምጬ ከቤት ወጣሁ። በመንገድ ላይ በመርዝ ተንፈራግጠው ከሚሞቱ፣ ሰው አጠገባቸው ሆኖ በመርፌ መሞታቸው ይሻላል ብለው እንደሆነ ይገባኛል። እርስዎ እንዲህ ዓይነት ሰው ነዎት። ቢሆንም በዚያ ጠረጴዛ ላይ የመጀመሪያ ሱሪዬ ተቆርጧል፤ ፊደልም የቆጠርኩት በእሱ ላይ ነው። አሁን የተዘረጋበትን ላስብ ብሞክር አልቻልኩም።

ከማንቂያው ክፍል እንድዛወር ሹክሹክታን ጠይቄያለሁ። ምክንያቴን በቋንቋቸው ማስረዳት ስላቃተኝ "ውሻዬ" ብቻ አልኳት። ለምን እንደሆነ ባይገባትም እሺ አለችኝ። አሁን ሳጥኖቹን አጥባለሁ። ሳጥን ምላስ የለውም።

ከጠረጴዛው ሥር የነበረው ቁርጥራጭ ጨርቅ ካልተጣለ ያስቀምጡልኝ። ከእንግዲህ ስለ ውሻ አልጽፍልዎም።

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 11 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለዐይኔ፤

አንተ ልጅ፣ ቆይ ቆይ። ዳማን ማን ገደላት? ይህን ስጽፍልህ እግሬ ላይ ተጋድማ የነጠላ ጫማዬን ጫፍ እያኘከች ነው። ወፍራለች። ጆሮዋ ጫፉ ቁርጥ ብሏል፤ ሰው ሲያያት ዞር እያለች የምታሳይ ይመስለኛል። ጨርቁን አስቀምጪልኝ ላልከው፣ የተኛችበትን ከሥሯ ጎትቼ ልላክልህ?

ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ሁለተኛው ላይ አላሳቀኝም። ሹፌሩ እንደገና እስኪመጣ አንድ ሳምንት ጠበቅሁ፤ አንተ እዚያ ሐዘን ተቀምጠህ እኔ እዚህ ጥሩምባ እየጠበቅሁ። ስለዚህ ዛሬ ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ጥሩምባውን ይንፋ።

ያን ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩ። ቃሉን አትዝለይ ብለኸኝ ስለነበር አልዘለልኩም። 'መካን' ባልኩ ቁጥር ሰው የሚያየው ወረቀቱን አይደለም፤ እኔን ነው። 'ቡችላ የላትምና የምትሳሳለት የለም' የሚለው ጋ ስደርስ መስመሩን በጣቴ ይዤ ጨረስኩት። ሚዛን ከኋላ ሆና፣ "መካኗ ሰፈሩን ሁሉ ልታመክን ተነሣች" አለች። ሳቁ ዳቦ ቤቱ ድረስ ተሰማ።

አንተ የጻፍከው ቃል ትክክል ነው፤ ሐኪሙም የሚለው እሱኑ ነው። ልትጎዳኝ እንዳልጻፍከውም አውቃለሁ። ነገር ግን ከባሌ ቤት ወደ እናቴ ቤት ስመለስ ስንቅ አድርገው የሰጡኝ እሱን ቃል ነው። እስከ ዛሬ አላለቀም። 'ዐይኔ' ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነበር፤ ብዕሩን አንሥቼ አስቀመጥኩት።

የዳማ ቀን ደረሰ። ሐኪሙ ገባ፤ ዳማ ቀና ብላ ስታየው ዘበኛው ጀርባ ተደበቀ። በሬ ጥሎ የሚያስር ሰው። እንደምንም ወጋትና ተኛች። ጠረጴዛዬ ላይ ተዘረጋች፤ ዐይኗ ገና አልተከደነም፣ ታየኛለች። ሐኪሙ ምላጩን ይዞ፣ "እንግዲህ ላምክናት?" አለኝ። ያቺን ፍጥረት በዚያ ቃል ላስጠራት አልቻልኩም።

"አይ፣ አሳርፋት" አልኩት።

እጁን ከላይዋ አነሣ። "ልግደላት ነው የምትይኝ?"

"ከመውለድ አሳርፋት። በቃት።"

ዘበኛው ሰማ፤ ከዘበኛው ሰፈሩ ሰማ። አሁን ሰዉ ሁሉ "ያንቺ አረፈች?" "የእኔ ሰኞ ታርፋለች" ነው የሚባባለው። እኔም ከለመድኩት በኋላ ቃሉ ከድሮም የነበረ መሰለኝና ላንተም እንደዋዛ ጻፍኩት። ከሐኪሙ የማትሻል ሆንክ፤ እሱስ ጠየቀ።

ምላሷን እዪ ብለኸኝ ነበር። ሮዝ ስንት ዓይነት ነው? አንተ ይህን አልጻፍክልኝም። የሙሽራዋን የገበር ቁራጭ አመጣሁና ከምላሷ ጎን ያዝኩት። ቀለሙ ሲርቅ ልቤ ይርቃል፣ ሲቀርብ ይመለሳል። ከገበሩ ጋር ሲመሳሰል ጅራቷን አንዴ ጠረጴዛው ላይ መታች። ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።

ሰኞ ደግሞ ሌሎቹን ጀመርን። በክብደት ነው ስላልክ ዳማን ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመዝኛት ነበር፤ ለብዙዎቹ ግን የራሳችን ሚዛን አስፈለገን። በሰፈሩ ሚዛን ያላት አንድ ሰው ናት። ላክሁባት፤ አትመጣም ብዬ ነበር፣ ሚዛኗን አሸክማ መጣች። ስትመዝን ሐኪሙ፣ "እሜቴ፣ እዚህስ ጣትዎን ያንሡ፤ መድኃኒት ነው፣ ሥጋ አይደለም" አላት። ሰው በሳቅ ሞተ፤ እኔ አልሳቅሁም፤ ሰው ሲሳቅበት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ከሽርጧ ሥር ድመቷን አወጣች። ዐይኔን ሳታይ፣ "እቺንም አሳርፊልኝ" አለችኝ። የእኔን ቃል ነው ያለችው። ይቅርታ አላለችም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ድመቷን ተቀበልኳት። ዘበኛው "'ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ' ነው፤ ይቺስ መነኮሰች፣ የሥጋ ቤቱን ደጅ ግን አትረሳም" አለ። በነጋታው እንዳለው ሆነ።

መርዙን ሊቀመንበሩ ለገዛበት ሱቅ መልሶታል። የዳቦ ቤቱ ልጅ የተቆረጠ ጆሮ ያለውን እየለየች ለጓደኞቿ ታስተምራለች።

የነጯን ድመት ነገር ቀድመህ ብትጽፍልኝም ዳማን አወጣት ነበር። ያቺ ድመት ስትሄድ አጠገቧ ሰው ነበረ፤ ለመንገድ ድመት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሳጥኑን ሌላ ሰው ይጠበው። ምላስ ሲገረጣ የሚገረጣ ሰው የትም አያገኙም፤ ወደ ቦታህ ተመለስ።

አክስትህ


ሐምሌ 5 ቀን

ይድረስ ለእቴቴ፤

እጅዎ የነካው ሁሉ ይዳን። ደብዳቤዎን ቆሜ ጀምሬ መሬት ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት።

ስለዚያ ቃል ይቅርታ ስጠይቅ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ ነበር፤ ቀደድኩት። ይቅርታው ራሱ ቃሉን መልሶ መላልሶ ይጠራዋል። ከእኔ ብዕር ሁለተኛ አይወጣም።

ወደ ማንቂያው ክፍል ተመልሻለሁ። ሹክሹክታ በሩ ላይ ስታየኝ ፎጣ አቀበለችኝ። የዳማን ነገር እንደምንም አድርጌ፣ ግማሹን በእጄ፣ ግማሹን በቋንቋቸው ነገርኳት። በቋንቋችን ማረፍ ሁለት ትርጉም እንዳለው ስትረዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትስቅ ሰማሁ፤ የተኙት ሁሉ ጆሯቸውን አንቀሳቀሱ። ቃሉን በአማርኛው አስተምሬያታለሁ። ጠዋት ስንጀምር "እናሳርፍ" ትለኛለች፣ በሹክሹክታ።

አንድ ነገር ብቻ ይላኩልኝ። ከዚያ ከሮዙ ገበር ትንሽ ቁራጭ፤ ጠርዙን ዘምዝመው። ኪሴ ውስጥ አስቀምጬ ምላስ አወዳድርበታለሁ፤ ሐኪሟንም በከንቱ አልጠራም።

ዳማን ስሜን ጠርተው ይንገሯት፦ ዛሬ ያሳረፍናቸው ሁሉ ነቅተዋል።

ልጅዎ